ኦይስተር ባንበላም፦ ለኦይስተር እርባታና ለባሕሩ ማገገም የሚሰጠው ድጋፍ እንዴት ነው የሚሠራው?

በጋ ላይ ከዋሽንግተን ዲሲ ወደ ኦሽን ሲቲ የወረደ ሰው የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤን ድልድይ ያውቀዋል። ትራፊኩ አይጣል ነው። መኪናው ቆሞ ወደ ታች ሲያዩት ውኃው ድፍርስ ያለ ነው፤ ወለሉ አይታይም። ያንን ውኃ ለማጥራት የፌዴራል መንግሥት፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ግዛቶች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ለዓመታት ብዙ ገንዘብ ሲያፈሱ ኖረዋል። ከገንዘቡ ቀላል የማይባለው የወጣው ዛጎል ለበስ ለሆነ አንድ እንስሳ ነው፤ ለኦይስተር።

ብዙዎቻችን ኦይስተር አንበላም። በኦርቶዶክሱ ቤት ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውኃ እንስሳ ገበታ ላይ አይቀርብም። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምንኖረው ግን ግብር እንከፍላለን፣ ከዚያው ባሕር ዓሣ እንበላለን፣ ኦይስተር በሚሸጥባቸው ምግብ ቤቶችም እንሠራለን። ስለዚህ ነገሩ እኛንም ይነካናል። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

ኦይስተር ምን ስለሚሠራ ነው ይህን ያህል የተፈለገው?

ኦይስተር ከሁለት ሻካራ ዛጎሎች መሃል የሚኖር ለስላሳ እንስሳ ነው። አንዴ ከተለጠፈበት ቦታ አይነቃነቅም። ምግብ ፍለጋ ስለማይሄድ ምግቡን ከውኃው ያጣራል። ውኃውን ወደ ውስጥ ስቦ አልጌ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ የውኃ ውስጥ ተክል መሰል ነገሮችን ያስቀርና የቀረውን መልሶ ይለቃል። ሁኔታው ሁሉ ከተመቸው አንድ ትልቅ ኦይስተር በቀን እስከ 50 ጋሎን ውኃ ያጣራል ይባላል፤ ወደ 190 ሊትር ማለት ነው። ይቺ ቁጥር በየፖስተሩ ላይ አለች። «እስከ» የምትለውን ቃል ግን አንርሳ። ውኃው ሲቀዘቅዝ ወይም ጨውነቱ ሲቀንስ ሥራውም ይቀንሳል።

ማጣራቱ ለምን ጠቀመ? የቼሳፒክ ትልቁ ችግር የናይትሮጅንና የፎስፈረስ ብዛት ነው። ከስድስት ግዛቶችና ከዲሲ የሚፈሰው ውኃ የእርሻ ማዳበሪያ፣ የከብት እዳሪና የከተማ ፍሳሽ ይዞ ይገባል። ማዳበሪያው ውኃ ውስጥም ማዳበሪያ ነው፤ አልጌ ያበቅላል። አልጌው ሞቶ ሲበሰብስ በውኃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ያልቃል፣ ዓሣና ሸርጣንም ይታፈናል። ኦይስተር ደግሞ የሚበላው ያንኑ አልጌ ነው።

ሁለተኛው ጥቅሙ ቤት መሆኑ ነው። ኦይስተሮች አንዱ በሌላው ላይ እየተለጠፉ ሲያድጉ የዛጎል ጉብታ ይሠራሉ። በየስንጥቁ ትንንሽ ዓሣዎችና ሸርጣኖች ይደበቃሉ፤ እነሱን የሚበሉ ትልልቅ ዓሣዎችም ይከተላሉ።

ታዲያ የት ሄደ?

በላነው፣ ቤቱን አፈረስንበት፣ ከዚያ ታመመ። ዋናው ታሪክ ይኸው ነው።

በ1880ዎቹ አጋማሽ ከሜሪላንድ ውኃ ብቻ በዓመት እስከ 15 ሚሊዮን ቡሼል ኦይስተር ይወጣ ነበር። ቡሼል አሜሪካኖች የሚሰፍሩበት ቁና ሲሆን 35 ሊትር ገደማ ይይዛል። ሽሚያው ወደ ጠብ ስለተሸጋገረ ሜሪላንድ በ1868 የታጠቀ የውኃ ላይ ፖሊስ እስከማቋቋም ደርሳ ነበር። ሰው በኦይስተር ምክንያት ተታኩሷል።

ይህ ሁሉ ሲወጣ ሥጋው ብቻ አልነበረም የሄደው፤ ዛጎሉም አብሮ ሄደ። መንገድ ተነጠፈበት፣ ለኖራ ተቃጠለ፣ ተፈጭቶ ለዶሮ ተሰጠ። የጉዳቱ ትልቁ ክፍል እዚህ ጋ ነው፤ ምክንያቱም ሕፃኑ ኦይስተር ማደግ የሚችለው ጠንካራ ነገር ላይ ሲለጠፍ ነው። ከሁሉም የሚመርጠው የሌላ ኦይስተር ዛጎል ነው። ጭቃ ላይ ያረፈው ታፍኖ ይሞታል።

በመጨረሻ በሽታ መጣ። ደርሞ የሚባለው ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ ኤምኤስኤክስ የሚባለው ደግሞ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በባሕረ ሰላጤው ታየ። ሁለቱም ሰውን አይነኩም፤ ኦይስተሩን ግን ገበያ ሳይደርስ ይጨርሱታል። ዛሬ በቼሳፒክ ያለው ኦይስተር ከቀድሞው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ያህሉ እንደሆነ ይገመታል።

እርባታና መልሶ ማቋቋም አንድ አይደሉም እንዴ?

አይደሉም። ሰው በብዛት የሚደናገረውም እዚህ ጋ ነው።

እርባታ ንግድ ነው። አርቢው ከመንግሥት ውኃ ይከራያል፣ ጫጩት (ሕፃን ኦይስተር) ይገዛል፣ በሣጥን ወይም ወለሉ ላይ ያሳድጋል፣ ይሸጣል። ኦይስተሩ የግል ንብረቱ ነው።

መልሶ ማቋቋም ደግሞ ለሕዝብ የሚሠራ ሥራ ነው። ኦይስተሩ ማስገር በተከለከለበት ቦታ ይዘራል፤ ማንም አያወጣውም። እዚያው ይራባል፣ ያጣራል፣ ዕድሜው ሲያልቅ ዛጎሉን ለተከታዩ ትውልድ ይተዋል።

ከሁለቱም ሌላ ከጥንት ጀምሮ በጀልባ እየወጡ የተፈጥሮውን ኦይስተር የሚያሰግሩ ሰዎች አሉ። ጥቅማቸው ከሁለቱም ጋር ይጋጫል። ክልክል ቦታ ሲሰፋ የእነሱ ማስገሪያ ይጠባል፤ ሜሪላንድ በ2010 ክልክል የሆነውን ከ9 ወደ 24 በመቶ ከፍ ስታደርግ የተነሳው ቅሬታ ዛሬም አልበረደም። እኔ በግሌ ቅሬታቸውን ንፉግነት ነው ብዬ አላልፈውም፤ ከአባት የተወረሰ እንጀራ ነው።

መልሶ የማቋቋሙ ሥራ እንዴት ይሠራል?

ጉዳዩን ከምግብ ቤት ጓሮ ብንጀምረው ይሻላል። ደንበኛው ኦይስተሩን ከበላ በኋላ የቀረው ዛጎል እንደ ቀልድ ቆሻሻ ውስጥ ይጣል ነበር። ኦይስተር ሪከቨሪ ፓርትነርሺፕ የሚባል የሜሪላንድ ድርጅት ከ2010 ጀምሮ በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ካሉ ምግብ ቤቶች ዛጎሉን መሰብሰብ ጀመረ። የተሰበሰበው ውጭ ተከምሮ ለአንድ ዓመት ያህል ፀሐይና ዝናብ ይፈራረቅበታል፤ የቀረው የሥጋ ርዝራዥ እንዲበሰብስና በሽታ ይዞ እንዳይመለስ ነው። ከዚያ ይታጠባል።

የታጠበው ዛጎል ወደ ሆርን ፖይንት ይሄዳል። ይህ በሜሪላንድ ካምብሪጅ ከተማ አጠገብ ያለ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሥርዓት የጫጩት ማባዣ ነው። ባለሙያዎቹ የውኃውን ሙቀት ከፍ አድርገው እናት አባቶቹን ያታልሏቸዋል፤ እነሱም በጋ የገባ መስሏቸው እንቁላልና ዘር ይለቃሉ። አንዲት ሴት በአንዴ ሚሊዮኖች እንቁላል ትጥላለች። የተፈለፈሉት ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት እየዋኙ አልጌ ይቀለባሉ። ለመለጠፍ ሲደርሱ ጥቁር የዓይን ነጥብና ትንሽ እግር ያወጣሉ። በዚህ ጊዜ በወንፊት አጥልለው ሲሰበስቧቸው እርጥብ ቡናማ ጭቃ ይመስላሉ። በቡና ማጥለያ ወረቀት ተጠቅልላ በአንድ መዳፍ የምትያዝ ድቡልቡል ነገር ውስጥ ከሚሊዮን በላይ ነፍስ አለ።

ከዚያ ዛጎል የሞላባቸው የሽቦ ቅርጫቶች በተደረደሩበት ትልቅ ገንዳ ውስጥ ይለቀቃሉ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለጠፋሉ። ዛጎሉን አንስቶ ለሚያይ መጀመሪያ የተበተነ ቁንዶ በርበሬ ነው የሚመስለው፤ አንዱ ዛጎል ላይ አሥርና ከዚያ በላይ ሊገኝ ይችላል። በመጨረሻ ጀልባ ላይ እንደ አሸዋ ይከመርና በውኃ ቱቦ እየተገፋ ወደተመረጠው ወለል ይወርዳል።

ችግሩ ዛጎሉ አይበቃም። ገንዘብ ቢገኝ፣ ጫጩት ቢበዛ፣ የሚለጠፍበት ከሌለ ሥራው ይቆማል። ስለዚህ በአንዳንድ ቦታ ድንጋይ ወይም ኮንክሪት ይደፋል። አሥጋሪዎቹ ድንጋዩን አይወዱትም፤ መሣሪያቸውንና መረባቸውን ይይዝባቸዋል። ሜሪላንድም ዛጎሉ እንዳይጣል ብላ የግብር ቅናሽ አወጣች፦ ለአንድ ቡሼል 5 ዶላር፣ በዓመት እስከ 1,500 ዶላር። ምግብ ቤት ያላችሁና ኦይስተር የምትሸጡ ቅናሹ ዛሬም የሚሠራ መሆኑን የሒሳብ ሠራተኛችሁን ጠይቁ።

እስካሁን ውጤት አለው?

አለው፤ ግን ቁጥሩን የሚያነብ ሰው ጠንቀቅ ይበል። በሀገራችን በክረምት ስንት ችግኝ ተተከለ ሲባል «ስንቱ ጸደቀ?» ብሎ የሚጠይቅ አዋቂ አይጠፋም። እዚህም ያው ነው። «ይህን ያህል ቢሊዮን ተዘራ» የሚለው የጥረቱ መለኪያ እንጂ የውጤቱ አይደለም። አብዛኛው ጫጩት በመጀመሪያው ዓመት ይሞታል፤ ሸርጣንና ሌሎች አዳኞች ይበሉታል፣ ደለል ይቀብረዋል።

ለዚህ ነው በ2011 ሳይንቲስቶቹና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶቹ በአንድ የመለኪያ ሕግ የተስማሙት። የተዘራበት ቦታ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እንደገናም ከስድስት ዓመት በኋላ ይፈተሻል። ዝቅተኛው ማለፊያ በካሬ ሜትር 15 ኦይስተር ነው፤ ግቡ ደግሞ 50። መቁጠር ብቻም አይደለም፣ የሥጋው ክብደትም ይለካል።

በ2014 የተፈረመው የቼሳፒክ ስምምነት እስከ 2025 ድረስ በ10 ገባር ወንዞች ኦይስተርን መልሶ ለማቋቋም ነበር፤ አምስቱ በሜሪላንድ፣ አምስቱ በቨርጂኒያ። ቀድሞ የተሠራው የሜሪላንዱ ሃሪስ ክሪክ ነው። 350 ኤከር ገደማ ላይ ከ2 ቢሊዮን በላይ ጫጩት ተዘርቶ ሥራው በ2015 ተጠናቀቀ። በኋላ ሲፈተሽ አብዛኛው ቦታ ማለፊያውን አልፏል። እንደ ባሕረ ሰላጤው ስፋት ካየነው ግን ገና ጭልፋ ነው።

አርቢው ምን ድጋፍ ያገኛል?

እዚህ ላይ «መንግሥት ገንዘብ ይሰጣል» የሚል ወሬ ይበዛል። በእጅህ የሚቆጠርልህ ስጦታ ግን ትንሽ ነው። ድጋፉ ብዙውን ጊዜ ቦታ፣ እውቀት፣ ብድርና የአደጋ መሸፈኛ ነው።

ቦታው ይቅደም። የባሕሩ ወለል የግዛቱ ነው። በሜሪላንድ ኪራዩን የሚሰጠው የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤቱ፣ በቨርጂኒያ የባሕር ሀብት ኮሚሽኑ ነው። ሜሪላንድ ሁለት ዓይነት ኪራይ አላት። አንዱ ወለሉን ብቻ ነው፤ ዛጎል አንጥፈህ ትዘራለህ። ሌላው ውኃውን ከነወለሉ ነው፤ ተንሳፋፊ ሣጥን ታሰራለህ። ቨርጂኒያ ወለል ማከራየት ከጀመረች ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗታል። ሜሪላንድ ግን በሯን በደንብ የከፈተችው በ2009 ሕጓን ካሻሻለች በኋላ ነው፤ ያኔም አሥጋሪዎቹ እያጉረመረሙ ነበር።

በእኔ እይታ የጀማሪውን ወገብ የሚሰብረው ብድሩ ሳይሆን ይህ ኪራይ ነው። ማመልከቻው ለሕዝብ ይገለጻል፣ የተቃወመ ይሰማል። ባሕር ዳር ውድ ቤት የገዛ ሰው ሣጥን የሚንሳፈፍበት ውኃ በረንዳው ፊት ለፊት እንዲሆን አይፈልግም። ተቃውሞ ከተነሳ ጉዳዩ ዓመታት ሊጎተት ይችላል። በዚህ መሃል ሣጥንና ጀልባ ቀድሞ የገዛ ሰው ዕዳውን እየቆጠረ ይቀመጣል።

እውቀቱ ግን በነፃ ይገኛል። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኤክስቴንሽን ቢሮ ሥልጠና ይሰጣል፣ የሥራ ዕቅድ በመሥራትም ያግዛል። በየባሕር ዳር ግዛቱ ሲ ግራንት የሚባል የፌዴራል ፕሮግራም አለ። በቨርጂኒያ ግሎስተር ፖይንት ያለው የባሕር ሳይንስ ተቋም ደግሞ በሽታ የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ለረጅም ዓመታት ሲያዳቅል ቆይቷል። የዛሬው አርቢ በብዛት የሚጠቀምበት ኦይስተር የማይራባ ዓይነት ነው። የክሮሞሶም ስብስቡ እንደወትሮው ሁለት ሳይሆን ሦስት ነው። እንቁላል በማዘጋጀት ጉልበቱን ስለማያባክን ቶሎ ያድጋል፤ በጋም ቢሆን ሥጋው አይሟሽሽም።

ወደ ብድሩ ስንመጣ፣ በሜሪላንድ ማርቢድኮ የሚባል ለገበሬዎች የሚያበድር የግዛቱ ተቋም ለኦይስተር አርቢዎች የተለየ ብድር አዘጋጅቷል። ትርጉም ያለውም ለዚህ ነው፦ ኦይስተር ለገበያ እስኪደርስ ሁለት ዓመት፣ አንዳንዴም ሦስት ይፈጃል። በዚያ ጊዜ ሁሉ ወጪ እንጂ ገቢ የለም። ተራ ባንክ ውኃ ሥር ያለ እንስሳ ዋስትና አድርጎ አይቀበልህም። ከፌዴራል በኩል የግብርና ሚኒስቴሩ የእርሻ አገልግሎት ቢሮ እስከ 50,000 ዶላር የሚደርስ አነስተኛ ብድር አለው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ኦይስተር አርቢም በዚህ ቢሮ ዓይን ገበሬ መሆኑን ነው።

የአደጋ መሸፈኛው እዚያው ቢሮ አለ። ተራ የሰብል ኢንሹራንስ ለማይሸፍናቸው ምርቶች የተዘጋጀ ሲሆን በአጭሩ ናፕ ይሉታል። አውሎ ነፋስ፣ ጎርፍ ወይም ሌላ የተፈጥሮ አደጋ ምርቱን ሲያጠፋ ይከፍላል። ሁለት ነገር ልብ ይባል። አንደኛ፣ አደጋው ከመድረሱ በፊት መመዝገብ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ኦይስተሩ በሣጥን፣ በመረብ ወይም በመሰለ ነገር ውስጥ ሆኖ መገኘት አለበት፤ ወለል ላይ የተበተነ አይቆጠርም። ለጀማሪና አቅማቸው ለተወሰነ ገበሬዎች የማመልከቻ ክፍያው የሚነሳበት አሠራር አለ። ሕጎቹ ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጡ ቢሮው ሄዶ መጠየቅ አይቀርም።

አደጋው የወረቀት ላይ ብቻ አይደለም። በ2019 የሚሲሲፒ ወንዝ ሞልቶ ከኒው ኦርሊንስ በላይ ያለው የጎርፍ ማስተንፈሻ ለወራት ሲከፈት፣ ጨው የሌለው የወንዝ ውኃ ወደ ባሕሩ ገብቶ የሚሲሲፒ ግዛትን ኦይስተር ከሞላ ጎደል ጨረሰው። ኦይስተር ጨው ይፈልጋል፤ ጨው የሌለው ውኃ ለሳምንታት ከተኛበት ይሞታል።

በ2020 ምን ሆነ?

ሁለቱ ሥራዎች፣ እርባታውና መልሶ ማቋቋሙ፣ ያልታሰበ ቦታ ላይ ተገናኙ። አሜሪካ ውስጥ አብዛኛው የእርባታ ኦይስተር የሚበላው ምግብ ቤት ነው። በኮሮና ጊዜ ምግብ ቤት ሲዘጋ ገበያው በአንድ ሳምንት ውስጥ ጸጥ አለ። ኦይስተሩ ግን ማደጉን አላቆመም። ምግብ ቤቶች የሚፈልጉት 3 ኢንች ገደማ የሆነ፣ ጎድጎድ ያለና ያማረ ዛጎል ያለው ነው። ካለፈ ትልቅ ይሆንና በጥሬው በሰሃን ለማቅረብ አይፈለግም። አርቢው ገንዘቡ በየሣጥኑ ውስጥ ሲያረጅ ያያል፤ ለአዲስ ጫጩትም ቦታ የለውም።

ዘ ኔቸር ኮንሰርቫንሲና ፒው የሚባሉት ድርጅቶች በዚያው ዓመት መላ አመጡ፦ የተረፈውን ኦይስተር ከአርቢዎቹ ገዝተን ወደተጎዱ ቦታዎች እንመልሰው። ዕቅዱ በ2 ሚሊዮን ዶላር 5 ሚሊዮን ኦይስተር መግዛት ነበር፤ ሜሪላንድን ጨምሮ በሰባት ግዛቶች። አርቢው ለሠራተኛ የሚከፍለው ገንዘብ አገኘ። ባሕሩም ሸርጣን በቀላሉ የማይሰብረው፣ ያደገ ኦይስተር አገኘ። ለእኔ ከሁሉም የድጋፍ ዓይነት ብልሁ ይህ ነው።

ማጣራቱስ ይከፈልበታል?

በጥቂቱ ተጀምሯል። ኦይስተር ከአልጌው የወሰደው ናይትሮጅን በሥጋውና በዛጎሉ ይቀመጣል፤ ሲወጣ ናይትሮጅኑም አብሮ ከውኃው ወጣ ማለት ነው። በ2016 የፌዴራል መንግሥቱና የግዛቶቹ ጥምረት የሆነው የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ፕሮግራም ከእርባታ ኦይስተር ሥጋ ጋር የሚወጣው ናይትሮጅን እንደ ብክለት ቅነሳ እንዲቆጠር ፈቀደ። በዚህ መንገድ አርቢው የቅነሳ ነጥቡን፣ መቀነስ ለሚጠበቅበት ሌላ አካል መሸጥ ይችላል። ገበያው ገና ትንሽ ስለሆነ በእሱ ተማምኖ ሥራ የሚጀምር ሰው አልመክርም።

ዋናው ማጽጃ ኦይስተር ነው ብሎ የሚያምን ካለም ይረጋጋ። ከላይ የሚለቀቀው ማዳበሪያና ፍሳሽ ካልቀነሰ ብቻውን አይወጣውም።

የማልበላው፣ ጀልባም የሌለኝ ሰው ምን አገባኝ?

ቤታችሁ ውኃ ዳር ከሆነና ማሰሪያ መድረክ ካለው፣ ሜሪላንድ ከ2008 ጀምሮ የምታካሂደው ፕሮግራም አለ። ጫጩት የተለጠፈበት ዛጎል የያዘ ትንሽ ቅርጫት ይሰጣችኋል። ከመድረኩ ላይ በገመድ አንጠልጥላችሁ፣ ደለልና አረም እንዳያፍነው አልፎ አልፎ እያወጣችሁ ትነቀንቁታላችሁ። ዓመት ሳይሞላው መጥተው ይወስዱትና ክልክል ቦታ ላይ ይዘሩታል። አይበላም፣ አይሸጥም። ለልጆች ጥሩ ትምህርት ነው። ኒውዮርክ ያላችሁ ደግሞ ቢሊየን ኦይስተር ፕሮጀክትን ታገኛላችሁ፤ ከጋቨርነርስ ደሴት ተነስቶ እስከ 2035 አንድ ቢሊዮን ኦይስተር ወደ ወደቡ ለመመለስ የሚሠራ ሲሆን በጎ ፈቃደኛ ይቀበላል።

ኩሽና የምትሠሩ፣ አለቃችሁ የዛጎል ባልዲ ካላስቀመጠ ጠይቁት። ባልዲው ውስጥ ሎሚ፣ ናፕኪንና የፕላስቲክ ሹካ እንዳይገባ ነው ዋናው ጥንቃቄ፤ ከገባ በእጅ የሚለቅም ሰው ያስፈልጋል።

እርባታው ውስጥ ለመግባት ያሰባችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ ሣጥን ከመግዛታችሁ በፊት ኤክስቴንሽን ቢሮው ጋ ደውሉ። የምትፈልጉት ውኃ ጨውነቱ ስንት እንደሆነ፣ ለንጽህና ሲባል ማስገር የተከለከለበት መሆን አለመሆኑን፣ ጎረቤቱ ማን እንደሆነ ጠይቁ። በጥሬው የሚበላ ምግብ ስለሆነ የንጽህና ሕጉ ጥብቅ ነው። በ1924 መጨረሻ ከኦይስተር የተነሳ የታይፎይድ ወረርሽኝ ዋሽንግተንን ጨምሮ በርካታ ከተሞችን ስለመታ፣ በ1925 የወጣው የቁጥጥር ሥርዓት እስከ ዛሬ ይሠራል። እያንዳንዱ ከረጢት የወጣበትን ውኃና ቀን የሚናገር ምልክት አለው፤ ምግብ ቤቱም ምልክቱን ለ90 ቀን ማስቀመጥ አለበት።